ኤፍ 22 ላይም አሸዋውና ድንጋዩ ልሙጥ ሆኖ ይወጣል፤ ችግሩ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ (ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው የርቀት ክልል) ነው ወይስ ብርሃኑ?

ንጋት24፦

ሰላም ለመድረኩ። የተፈለገው ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ያለ የመልክዓ ምድር ፎቶ ነው፤ በተለይ የአሸዋውና የድንጋዩ ሸካራነት በእጅ የሚዳሰስ እስኪመስል እንዲታይ። ዝርዝሩ ይኸው፦ ፉል ፍሬም ካሜራ፣ 24 ሜጋፒክስል፣ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትራይፖድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠብባል) ኤፍ 22። የቅርቡ የአሸዋ ሞገድ ከካሜራው 1 ሜትር ይርቃል፤ ቀጥሎ ድንጋያማ ሜዳ፣ 100 ሜትር ላይ ዛፎች፣ ከጀርባ ተራራ። ፎከሱ የተያዘው ተራራው ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በካሜራው ስክሪን ሁሉም ጥርት ያለ ይመስላል፤ ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ ሲታይ ግን ስል የሆነ ቦታ የለም። አሸዋው እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ ነው። አፐርቸሩ ከዚህ በላይ አይጠብም። ምን ቀረ?

ሸንተረር፦

ሦስት ችግር ተደራርቧል፤ አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍነው ለየብቻ ማየት ይሻላል።

የመጀመሪያው ራሱ ኤፍ 22 ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ዳር ዳሩ ይበተናል፤ ነጥብ መሆን የነበረበት ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ሰሌዳ) ላይ ትንሽ ክብ ሆኖ ያርፋል። ዲፍራክሽን የሚባለው ይህ ነው። የክቡ ስፋት ከአፐርቸር ቁጥሩ ጋር እኩል ያድጋል፦ ለአረንጓዴ ብርሃን ኤፍ 8 ላይ 0.011 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ኤፍ 11 ላይ 0.015፣ ኤፍ 16 ላይ 0.021፣ ኤፍ 22 ላይ 0.03። የአንተ ሴንሰር አንድ ፒክስል 0.006 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ ኤፍ 22 ላይ እያንዳንዱ ነጥብ አምስት ፒክስል ያህል ይሰፋል፤ ኤፍ 8 ላይ ግን ሁለት አይሞላም። ይህ ብዥታ ደግሞ ቅርብ ሩቅ አይልም፤ ፎከስ የያዝክበትን ተራራ ሳይቀር ያለዝበዋል። "ስል የሆነ ቦታ የለም" ያልከው የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው የፎከሱ ቦታ፣ ሦስተኛው ብርሃኑ ነው። ፎከሱን ሌሎች በደንብ ያብራሩታል። ብርሃኑን በተመለከተ ግን አስቀድሜ ልናገር፦ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የአሸዋ ሞገድ ጥላ የለውም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ምንም ዓይነት አፐርቸር ሸካራነቱን አያመጣውም።

ሰፊ_ማዕዘን፦

ፎከሱን በተመለከተ ሃይፐርፎካል የሚባለውን ርቀት ተጠቀም። እዚያ ርቀት ላይ ፎከስ ሲያዝ ከርቀቱ ግማሽ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ተቀባይነት ባለው ጥርት ውስጥ ይገባል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሌንሱን ርዝመት በሚሊ ሜትር በራሱ ታባዛለህ፤ የተገኘውን ለአፐርቸር ቁጥሩና ለሚፈቀደው የብዥታ ክብ (ነጥብ ሴንሰሩ ላይ እስከዚያ ቢሰፋም ስል መስሎ ለሚታይበት ወሰን) ብዜት ታካፍለዋለህ፤ በመጨረሻ የሌንሱን ርዝመት ትደምራለህ። ለፉል ፍሬም የተለመደው የብዥታ ክብ 0.03 ሚሊ ሜትር ነው።

ኤፍ 11 ላይ እንዲህ ይወጣል፦ ለ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ 0.8 ሜትር፣ ለ24 ሚሊ ሜትር 1.8 ሜትር፣ ለ35 ሚሊ ሜትር 3.7 ሜትር፣ ለ50 ሚሊ ሜትር 7.6 ሜትር፣ ለ70 ሚሊ ሜትር 15 ሜትር። 200 ሚሊ ሜትር ላይ 121 ሜትር ስለሚደርስ በረጅም ሌንስ ቅርቡንና ሩቁን በአንድ ፎቶ ለማጣራት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ሜዳ ላይ ስሌት ለማይመቸው፦ ጥርት እንዲል የምትፈልገውን እጅግ ቅርብ ነገር ፈልግ፤ ርቀቱን ገምት፤ ፎከሱን በእጥፉ ርቀት ያዝ። 1 ሜትር ላይ ያለ አሸዋ ከሆነ 2 ሜትር ላይ ማለት ነው። ያኔ የቅርቡና የአድማሱ ብዥታ እኩል ይሆናል። ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ከሴንሰሩ ነው፤ በብዙ ካሜራዎች አናት ላይ መስመር የሚያቋርጠው ትንሽ ክብ ሴንሰሩ ያለበትን ያመለክታል። ካሜራው መሬት አጠገብ ሲወርድ ይህች ልዩነት ትልቅ ትሆናለች።

ድንጋይና_ውሃ፦

በሃይፐርፎካሉ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። 0.03 ሚሊ ሜትር የተባለው 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ህትመት በእጅ ተይዞ ሲታይ በቂ ይሆናል ተብሎ ነው። ለዚህ ሴንሰር አምስት ፒክስል ማለት ነው። ንጋት24 የሚመለከተው መቶ በመቶ አጉልቶ ስለሆነ በሰፊ_ማዕዘን ስሌት "ጥርት ያለ" የተባለው ሁሉ ለእሱ ብዥ ያለ ነው።

ሸካራነት ለሚፈልግ ሰው ሌላ አስተሳሰብ ይሻላል፦ ብዥታውን ሴንሰሩ ላይ ሳይሆን በራሱ በነገሩ ላይ መለካት። መጀመሪያ የቀዳዳውን ስፋት እወቅ፤ የሌንሱ ርዝመት ለአፐርቸር ቁጥሩ ሲካፈል ነው። 24 ሚሊ ሜትር በኤፍ 11 ማለት 2.2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ፎከሱ ማለቂያ የሌለው ርቀት ላይ ከሆነ ከፊትህ ያለው ነገር ሁሉ፣ በየትኛውም ርቀት ቢሆን፣ በ2.2 ሚሊ ሜትር ክብ ይደበዝዛል። ስለዚህ ጠጠር ይለያል፤ የአሸዋ ቅንጣት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ አይለይም። የሞገዱ ቅርጽ ይኖራል፣ ቅንጣቱ ይጠፋል። አሸዋህ ጨርቅ የመሰለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ሁለቱን አወዳድር። ፎከሱን ሃይፐርፎካሉ 1.8 ሜትር ላይ ብትይዘው 0.9 ሜትር ላይ ያለው አሸዋ በ1.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደበዝዛል፤ 100 ሜትር ላይ ያለው ዛፍ ግን በ12 ሳንቲ ሜትር። ቅጠሉ በሙሉ ይቀልጣል ማለት ነው። ፎከሱን ወደ 10 ሜትር ብትገፋው የአሸዋው ብዥታ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የዛፉ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ በዚያ ርቀት ከአንድ ፒክስል በታች ነው።

ስለዚህ "ፎከሱን የት ልያዝ?" ከማለት በፊት "ደቃቁ ሸካራነት የቱ ጋ ነው?" ብለህ ጠይቅ። ቅርቡ ትልልቅ ድንጋይ፣ ሩቁ ጫካ ከሆነ ፎከሱን ወደ ሩቁ ግፋው። ቅርቡ የድንጋይ ሽበት (ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ስስ ሽፋን) ያለበት ዓለት፣ ሩቁ በጭጋግ የተሸፈነ ከሆነ ወደ ቅርቡ አምጣው።

ሰፊ_ማዕዘን፦

ስሌቱ ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። ሆኖም ሃይፐርፎካሉን መጣል አያስፈልግም፤ መስፈርቱን ማጥበቅ ይበቃል። የብዥታ ክቡን 0.015 ብታደርገው ለ24 ሚሊ ሜትር በኤፍ 11 ርቀቱ 3.5 ሜትር ይሆናል፤ ጥርቱም ከ1.75 ሜትር ይጀምራል። የንጋት24 አሸዋ 1 ሜትር ላይ ስለሆነ ከዚያ ክልል ውጭ ይቀራል። ወይ ካሜራው ወደ ኋላ ይሸሽ፣ ወይ ፎቶው ከአንድ በላይ ይሁን።

ጤዛ፦

ስለ ፎከስ ብዙ ተባለ፤ ስለ ብርሃን ግን ሸንተረር ጀምሮ ተወው። እኔ ከዚያ ልቀጥል፤ ምክንያቱም ከሸካራነት ጉዳይ ትልቁ ድርሻ እዚህ ነው።

ሸካራነት ለዓይን የሚታየው እያንዳንዱ ጉብታ አንድ ጎኑ ሲበራና ሌላ ጎኑ ሲጠቁር ነው። የፀሐይዋ ከፍታ 45 ዲግሪ ሲሆን ጥላው ከጉብታው ቁመት ጋር እኩል ነው። 30 ዲግሪ ላይ 1.7 እጥፍ፣ 10 ዲግሪ ላይ 5.7 እጥፍ ይረዝማል። 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአሸዋ ሞገድ 10 ዲግሪ ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል። ከዚያ በታች ስትወርድ ጥላው የሚቀጥለውን ሞገድ ጨርሶ መዋጥ ይጀምራል፤ በሞገዶቹ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ከሆነ ሜዳው ጥቁር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለደቃቅ ሸካራነት ፀሐይ ገና አድማስ ላይ ሳለች ሳይሆን ጥቂት ከፍ ስትል ይሻላል፤ ለሸንተረርና ለሸለቆ ደግሞ ዝቅ ስትል።

አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። ፀሐይ ከጀርባህ ከሆነች ጥላው ከጉብታው ኋላ ስለሚደበቅ መሬቱ ይለምጣል። ከጎን፣ ወይም ከጎን ትንሽ ወደ ፊት ስትሆን ሁሉም ይነሳል። ፊት ለፊት ስትሆን ሣርና እርጥብ ድንጋይ ጠርዛቸው ያበራል፤ ግን ሌንሱን በእጅ ወይም በባርኔጣ ከልል፤ ያለዚያ ውስጡ የሚንጸባረቀው ብርሃን ጥቁሩን አንጥቶ ያገኘኸውን ሁሉ ያጥበዋል።

ደመናማ ቀን አይጣልም። ለአሸዋና ለሜዳ አይሆንም፤ ለዛፍ ቅርፊት፣ ለድንጋይ ሽበት፣ ለፈርን፣ ለእርጥብ ዓለት ግን ከደማቅ ፀሐይ ይበልጣል፤ የእነዚህ ሸካራነት ከጥላ ይልቅ በቀለም ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ፖላራይዘርን (ሌንሱ ፊት ተገጥሞ የሚዞር የነጸብራቅ ማጣሪያ) በልክ። ከቅጠልና ከእርጥብ ድንጋይ ላይ ነጩን ነጸብራቅ ያነሳል፣ ቀለሙንም ይመልሳል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)። እስከ መጨረሻው ካዞርከው ግን ድንጋዩ እርጥብ መሆኑን የሚናገረውን ብልጭታ ሁሉ ወስዶ ጭቃ ያስመስለዋል። አዙረህ ሙሉ በሙሉ ካጠፋኸው በኋላ ትንሽ መልስና አቁም። በ24 ሚሊ ሜትር ሰማዩ ሰፊ ሆኖ ከገባም አንዱ ጥግ ይጠቁርብሃል፤ የፖላራይዘሩ ኃይል ከፀሐይዋ በ90 ዲግሪ ላይ ስለሚበረታ ነው።

ንጋት24፦

በጣም አመሰግናለሁ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል፣ ከጎን፣ ኤፍ 8 ወይም 11 መሆኑ ገብቶኛል። 1 ሜትር ላይ ያለውን አሸዋም ተራራውንም ስል አድርጎ ለማውጣት ግን አንድ ፎቶ እንደማይበቃ ተረዳሁ። ብዙ ፎቶ አንስቶ መደራረቡ እንዴት ነው? ስንት ፎቶ? አንድ ነገር ደግሞ፦ የድሮዎቹ ኤፍ 64 ይጠቀሙ አልነበር? ያን ጊዜ ዲፍራክሽን አልነበረም እንዴ?

ሸንተረር፦

ስለ ኤፍ 64 አጭር መልስ። በ1932 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንሰል አዳምስና ኤድዋርድ ዌስተን የነበሩበት ቡድን ራሱን "ኤፍ 64" ብሎ ሰይሞ ነበር። ዲፍራክሽኑ ያኔም ነበር፤ ኤፍ 64 ላይ ክቡ 0.086 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ኔጋቲቭ ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ ሳይጎላ ሲታተም ያ ክብ እንዳለ 0.086 ሆኖ ይቀራል፤ ዓይን አይለየውም። የፉል ፍሬም ምስል ለዚያው ህትመት 8 ጊዜ ያህል መጉላት አለበት፤ የኤፍ 22 ክብ 0.24 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ሴንሰሩን ተመልከት። ኤፒኤስሲ (ከፉል ፍሬም ያነሰ) ሴንሰር ላላቸው ደግሞ ገደቡ አንድ ስቶፕ ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ኤፍ 8 ላይ መቆም ነው።

ሦስት_እግር፦

መደራረቡን እኔ ልመልስ፤ ፎከስ ስታኪንግ ይሉታል፤ ፎከሳቸው በተለያየ ርቀት የተያዘ ፎቶዎችን ወደ አንድ ማዋሃድ ነው።

በመጀመሪያ የፎቶው ብዛት። ኤፍ 8 እና ጥብቁን የብዥታ ክብ 0.015 እንውሰድ። ለ24 ሚሊ ሜትር ሃይፐርፎካሉ 4.8 ሜትር ነው። እዚያ የተያዘ ፎከስ ከ2.4 ሜትር እስከ አድማስ ይሸፍናል። ሁለተኛውን በሲሶው፣ 1.6 ሜትር ላይ ያዝ፤ ከ1.2 እስከ 2.4 ሜትር ይሸፍናል። ሦስተኛውን በአምስተኛው፣ 0.96 ሜትር ላይ፤ ከ0.8 እስከ 1.2 ሜትር። ክልሎቹ ጫፍ ለጫፍ ይገጣጠማሉ። ይበልጥ ቅርብ ካስፈለገ ሰባተኛው፣ ዘጠነኛው እያልክ ትቀጥላለህ። ለአንተ ሦስት ይበቃሉ፤ ተራራው ላይ አንድ ጨምር፣ አራት። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2 ሜትር ላይ ያለ ነገር ቢኖር ግን በዚሁ ስሌት ስድስት ያስፈልጋሉ። ሜዳ ላይ ግምት ስለሚዛነፍ አንድ ሁለት ትርፍ ፎቶ አንሳ፤ ከመሃል አንድ ክልል ከጎደለ የደበዘዘ መቀነት መሬቱን አቋርጦ ይታያል፤ ኮምፒውተር ላይ አይጠገንም።

አነሳሱ፦ ካሜራው ማኑዋል ላይ፣ አይኤስኦ፣ ሹተር፣ ዋይት ባላንስ ሁሉም ቋሚ፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል)። አውቶፎከሱ ይዘጋ። ትራይፖዱ ላይ እያለ የሌንሱ የንዝረት መከላከያ ይጥፋ። ላይቭ ቪው ከፍተህ 10 ጊዜ አጉላ፤ ከቅርቡ ጀምረህ ቀለበቱን ወደ ሩቁ ብቻ አዙር፣ ወደ ኋላ አትመለስ። በ2 ሰከንድ ታይመር ወይም በሪሞት አንሳ። ከመጀመሪያው ፎቶ በፊትና ከመጨረሻው በኋላ እጅህን ሌንሱ ፊት አድርገህ አንድ አንድ አንሳ፤ ፋይሎቹን ስትለይ የትኛው ስብስብ የት እንደሚጀምር ታያለህ። ቀለበቱን ማለቂያ ወደሌለው ጫፍ እስኪመታ አታዙረው፤ ብዙ ሌንሶች ከዚያ አልፈው ይዞራሉ፣ ተራራውም ይደበዝዛል።

ፎከሱ ሲቀየር የምስሉ ስፋት በጥቂቱ ይለወጣል። ስለዚህ በዙሪያው ትርፍ ቦታ ተው፤ ሲገጣጠም ጠርዙ ይቆረጣል።

ፎቶሾፕ ውስጥ ሁሉንም በሌየር ክፈት፣ ምረጣቸው፣ ከኤዲት ሥር ኦቶ አላይን ሌየርስ፣ ቀጥሎ ኦቶ ብሌንድ ሌየርስ፣ ስታክ ኢሜጅስን መርጠህ ጨርስ። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ የቅርቡ ድንጋይ ጠርዝ ከሩቁ ዛፍ ጋር የሚገናኝበት። ፎከሱ ሩቁ ላይ ሲሆን ድንጋዩ ደብዝዞ ስለሚሰፋ ከጠርዙ ጀርባ ያለውን ዛፍ ይሸፍናል፤ ያ ቦታ በየትኛውም ፎቶ ጥርት ያለ አይገኝም። እንደ ክብ ጢስ ይታያል። ማስኩን (ከየፎቶው የትኛው ክፍል እንደሚታይ የሚወስነውን ሽፋን) በእጅ መቀባት ያሻሽለዋል፤ ሥር ነቀሉ መፍትሔ ግን ሲነሳ አንድ ስቶፕ ማጥበብ፣ ወይም ካሜራውን ከፍ አድርጎ ድንጋዩ ዛፉን እንዳይነካ ማድረግ ነው።

የሚንቀሳቀስ ውኃ ካለ ከአንዱ ፎቶ ብቻ ውሰደው፤ ሌላው ላይ በማስክ አጥፋው።

ጤዛ፦

በሦስት_እግር ላይ አንድ ልጨምር፤ ሣሩ በነፋስ ከተወዛወዘ መደራረቡ አይሠራም። 1 ሜትር ላይ ያለ የሣር ቅጠል በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢወዛወዝ፣ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ምስሉ ሴንሰሩ ላይ በሰከንድ 12 ሚሊ ሜትር ይሮጣል። በ1/125 ሰከንድ 16 ፒክስል ማለት ነው። በ1/500 አራት ፒክስል። ስለዚህ አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ ማድረግን አትፍራ፤ በመንቀሳቀስ የጠፋ ሣር አይመለስም፣ የአይኤስኦ ጫጫታ (ምስሉ ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ) ግን ይታረማል። ነፋሱ ጋብ ሲል ጠብቆ የሣሩን ፎቶ በፈጣን ሹተር፣ የሩቁን በዝቅተኛ አይኤስኦ ለየብቻ ማንሳትም ይቻላል።

ድንጋይና_ውሃ፦

ሜዳው ለጥ ያለ ከሆነ ከመደራረብ የሚሻል መንገድ አለ፦ ቲልት ሌንስ። ሌንሱ ወደ ፊት ሲዘም የፎከሱ ወለል ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ መሆኑን ትቶ መሬቱ ላይ ይተኛል። ኦስትሪያዊው ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ በ1904 ፓተንት ያወጣበት መርህ ነው። የሚፈለገው ማዘንበል በጣም ትንሽ ነው፦ ካሜራው 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሌንሱ 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.15 ዲግሪ ብቻ። ብዙ ሰው 5 ዲግሪ አዘንብሎ "አልሠራም" የሚለው ለዚህ ነው። ጉድለቱ ቁመት ነው፤ ጥርት ያለው ክልል ከካሜራው ሥር እንደ ሽብልቅ ጀምሮ ወደ ሩቅ ይሰፋልና አጠገብህ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ካለ ጫፉ ብዥ ይላል።

ሰፊ_ማዕዘን፦

ኤዲት ላይ ስለሚደረገው ማንም ስላላነሳ ጥቂት። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ያለው ቴክስቸር የሚባለው ማንሸራተቻ መካከለኛ ዝርዝሮችን ያነሳል፤ ክላሪቲ ደግሞ ሰፋ ያሉትን የጥቁርና የነጭ ልዩነቶች። ክላሪቲ ሲበዛ በሸንተረሩና በሰማዩ ድንበር ነጭ ጥለት ይወጣል። ሁለቱንም በመላው ምስል ላይ አታሂዳቸው። በማስክ ቅርቡ አሸዋና ድንጋይ ላይ ቴክስቸርን ወደ 20 ከፍ አድርግ፤ ሩቁን ተራራ እንዳለ ተወው፣ ወይም ዝቅ አድርገው። በአየር የለሰለሰ ሩቅና የሻከረ ቅርብ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው ፎቶው ጥልቀት የሚኖረው፤ ሩቁን እኩል ካሻከርከው ተራራው ከአሸዋው ጋር ይጣበቃል። ሻርፕኒንግ ሬዲየሱ 0.8 እስከ 1፤ የማስኪንጉን ማንሸራተቻ ኦልት ቁልፍን ተጭነህ ስትጎትት የሚሳለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሰማዩ ጥቁር እስኪሆን ጎትት።

ንጋት24፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ትልቁ ካሜራ በማይኖርበት ጊዜ በስልክ የሚሞከር ነገር አለ?

ሦስት_እግር፦

አለ። የስልክ አፐርቸር አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። ኤፍ 1.8 የሆነና የሴንሰሩ ወርድ ከፉል ፍሬም በ4 እጥፍ ያነሰ ስልክ በዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ረገድ ከኤፍ 7 ጋር ይቀራረባል፤ ዋናው ሌንስ ከ24 ሚሊ ሜትር ጋር የሚመጣጠን ከሆነ ሃይፐርፎካሉ 2.7 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 2.7 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ነገር ስክሪኑ ላይ ነክተህ ያዝ፣ ተጭነህ ቆልፈው። ከ1.3 ሜትር የቀረበ አሸዋ ካለ ሁለት ፎቶ አንስተህ ደራርብ። ፖርትሬት ሞድን ለመልክዓ ምድር አትጠቀም፤ የሣሩን ጫፍ እየቆረጠ ከጀርባው ጋር ያደበዝዘዋል። ስልኩ ሮው የሚያነሳ ከሆነ እሱን ምረጥ፤ በተለመደው ፋይል ውስጥ የስልኩ ጫጫታ ማጥፊያ ደቃቁን ሣርና አሸዋ እንደ ውኃ ቀለም ሥዕል ስለሚያለሰልሰው ቴክስቸርን በኋላ ብትጨምርም የሚያነሳው ነገር አያገኝም።